እናቷ የታለች?

(የመለያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል)

መራዊና አካባቢው ያላችሁ፣ በቆጋ መስኖ ቦይ ዳር ሽንኩርትና ድንች የምትኮተኩቱ፣ ከባሕር ዳር እስከ ወረታ በጣና ዳርቻ የምትኖሩ ሁሉ፣ ከብት እየጠበቃችሁ ስልካችሁን ጆሯችሁ ላይ ለጥፋችሁ የምትሰሙን ልጆችም አድምጡን።

ዛሬ ስለ ጊደር ግዢ እንጨዋወታለን። በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ልጃችንን ልንድር ስናስብ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ አይደል? የልጁ አባት ማን ነው፣ አያቱ ከየት መጡ፣ ከእኛ ጋር የሚገናኙት ስንተኛው ቤት ላይ ነው እያልን ሽማግሌ እንጠይቃለን። ወደ ከብት ተራ ስንወርድ ግን የዓመት ጥሪታችንን ቋጥረን ሄደን አንድ ቤት እንኳ ሳንቆጥር ገዝተን እንመለሳለን። ለምን ይሆን?

(የከብት ገበያ ድምፅ፤ የላም ጩኸት)

ደላላ፦ እማማ፣ ይቺን ይዩልኝ! ጥቁርና ነጭ! ንጹሕ የፈረንጅ ደም ናት!

ገዥ፦ እናቷ የታለች ልጄ?

ደላላ፦ እናቷን ምን ያደርጉላታል እማማ? ጊደሯን ይዩ እንጂ! ቁመናዋን ይዩ!

(የገበያው ድምፅ ይቀንሳል)

እኒህ እናት የጠየቁትን ጥያቄ ያዙልኝ። «እናቷ የታለች?» ዛሬ ደጋግመን የምንመለስበት እሱ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ ደላላው የጮኸበትን ቀለም እንየው። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የሆነች ጊደር ሁሉ የፈረንጅ ደም አላት ማለት ነው? አይደለም። በተለይ በእኛ አገር፣ በጣና ዙሪያ፣ ፈጽሞ አይደለም። ለምን ቢባል የራሳችን የፎገራ ከብትም ቡራቡሬ ነው። በፎገራ፣ በደራና በሊቦ ከምከም ሜዳ የሚሰማሩትን ከብቶች አስታውሱ። ጥቁርና ነጭ አለ፤ ጥቁርና ዳለቻ አለ። ቀንዳቸው አጭርና ደንደን ያለ ነው፤ ሻኛቸውም ትንሽ ነው። እንግዲህ ሻጩ «ፈረንጅ ናት» ብሎ ንጹሕ የፎገራ ጊደር ቢያቀርብላችሁ በቀለሟ ብቻ እንዴት ትለያላችሁ?

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። ሆልስታይን የሚባለው የቡራቡሬው የፈረንጅ ዝርያ ኮርማ ዘር አንድ ወጥ ቀለም ላላት፣ ለምሳሌ ለቀይ ወይም ለዳማ የአገር ላም ሲሰጥ፣ የሚወለደው ጥጃ ብዙ ጊዜ ቡራቡሬ አይሆንም። ሙሉ ጥቁር ሆኖ ሆዱ ሥር ወይም ጡቱ አካባቢ ትንሽ ነጭ ጣል ይልበታል። ጥቁረቱ ጎልቶ ይወጣል፤ ቡራቡሬነቱ ግን ከአንድ ወገን ብቻ ስለመጣ ይደበቃል። ስለዚህ ገበያ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ ያላያት ያቺ ጥቁር ጊደር እውነተኛዋ ድቅል ልትሆን ትችላለች። ሁሉ የሚሻማባት ቡራቡሬ ደግሞ የፈረንጅ ደም ያልነካት የፎገራ ልጅ ልትሆን ትችላለች።

ይህን ስል ፎገራን ማሳነሴ እንዳይመስላችሁ። የፎገራ ከብት ውኃ በሚተኛበት ሜዳ፣ ዝንቡና የሆድ ትሉ በሚበዛበት ቦታ ችሎ የሚኖር፣ ለእርሻም ለወተትም የሚሆን፣ አባቶቻችን ያቆዩልን ሀብት ነው። ሩዝ በሜዳው ከተስፋፋና የግጦሽ መሬቱ ከጠበበ ወዲህ፣ ከሌላው የአገር ከብትም ጋር ያለ ልክ ስለተቀላቀለ፣ ንጹሑ ፎገራ እያነሰ መጥቷል። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ተቋቁሞ ይህን ዝርያ ሲያጠናና ሲጠብቅ ቆይቷል። በአዊ ያለው የመተከል ራንችም ፎገራን ከማቆየት ጋር ድቅል ጊደሮችን ሲያባዛ ኖሯል። እንግዲህ ፎገራን የሚገዛ ሰው ፎገራ መሆኗን አውቆ፣ ደስ ብሎት ይግዛ። የምጠላው በፈረንጅ ስም ስትሸጥ ነው። የገዛት ሰው ከእሷ የማይገኝ ወተት ይጠብቃል፤ ሲያጣ ደግሞ ጥፋቱን በእሷ ላይ ያላክካል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ደም ጉዳይ እንግባ። ሰዎች «ሃምሳ ፐርሰንት ናት፣ ሰባ አምስት ናት» ሲሉ ሰምታችኋል። ምን ማለት ነው?

በጤፍ ላስረዳችሁ። እያንዳንዱ ጥጃ ከእናቱ አንድ እፍኝ፣ ከአባቱ አንድ እፍኝ ይቀበላል። እናቱን ቀይ ጤፍ፣ አባቱን ነጭ ጤፍ እንበላቸው። የጥጃው ማድጋ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ነጭ ይሆናል። ይህች ናት እውነተኛዋ ሃምሳ ፐርሰንት፤ እናቷ የአገር ላም፣ አባቷ ንጹሕ የፈረንጅ ኮርማ።

ይቺ ድቅል አድጋ እንደሷው ግማሽ ከሆነ ድቅል ኮርማ ብትወልድስ? ልጇ በወረቀት ሃምሳ ፐርሰንት ትባላለች። ነገር ግን አሁን ሁለቱም ማድጋዎች ድብልቅ ናቸው። እናቲቱም ኮርማውም ዓይናቸውን ጨፍነው ነው አንድ አንድ እፍኝ የሚዘግኑት። አንዷ ልጅ ነጩ በዝቶ ይደርሳታል፤ እኅቷ ቀዩ በዝቶ ይደርሳታል። ከአንድ እናትና ከአንድ አባት የተወለዱ፣ ሁለቱም ሃምሳ ፐርሰንት የሚባሉ እኅትማማቾች፣ አንዷ ወተቷ ገንቦ ሲሞላ የሌላዋ ለጥጃዋ ብቻ የሚበቃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሃምሳ ፐርሰንት ናት» ሲሏችሁ ዝም አትበሉ። «ሃምሳ የሆነችው ከማንና ከማን ተወልዳ ነው?» በሉ።

ሌላ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ወተት ከማን ይወረሳል? ብዙዎቻችን «ከእናቷ ነዋ» እንላለን። ኮርማ አይታለብማ! ግን ኮርማው የእናቱንና የአያቱን ወተት በደሙ ተሸክሞ ለልጆቹ ያስተላልፋል። ለዚህ ነው የእናቲቱን ጡት ማየት ግማሽ መልስ ብቻ የሚሆነው። ሌላው ግማሽ አባቷ ጋ አለ።

አባቷን እንዴት እናውቃለን? ላሟ በሰው ሠራሽ ዘዴ ተዳቅላ ከሆነ መንገዱ አለ። አዳቃይ ባለሙያው ታንኩን ሲከፍት እንደ ጉም የሚተነውን አይታችሁታል? ያ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ይደርሳል። ከዚያ ውስጥ በመቆንጠጫ የሚያወጣት፣ የኮርማውን ዘር የያዘች፣ ከስንደዶ ብዙም የማትወፍር ቀጭን ቱቦ አለች፤ ስትሮ ትባላለች። ስትሮዋ ላይ የኮርማው መለያ ታትሞባታል። በፈረንጆቹ በ1981 የተቋቋመው የቃሊቲው የማዳቀያ ማዕከል ለአገር ሁሉ አባለ ዘር ሲያሰራጭ የኖረው በዚህ ዓይነት ነው። ባለሙያው ቀኑንና የኮርማውን ቁጥር ይመዘግባል። እናንተም ላማችሁ በተዳቀለች ቀን ቁጥሩን አስነብባችሁ በልጃችሁ ደብተር ጀርባ ላይ አስጽፉት። ነገ ጊደሯን ስትሸጡ ያቺ ቁራጭ ወረቀት የልደት ምስክሯ ናት። ገዥም ከሆናችሁ ይህችኑ ወረቀት ጠይቁ።

ወረቀት ከሌለስ? ይህ እኔ በጣም የምወደው ዘዴ ነው፤ በደንብ ስሙኝ። የቀን ቆጠራ ጠይቁ።

ላም የምታረግዘው ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ገደማ ነው፤ 283 ቀን አካባቢ። ሻጩ «እናቷ ለጥምቀት ነው የተዳቀለችው፤ ባለሙያ አምጥቼ» አላችሁ እንበል። ከጥምቀት ተነሥታችሁ ቁጠሩ። ጥጃዋ መወለድ ያለባት መቼ ነው? በጥቅምት ሁለተኛ አጋማሽ፤ ወደ ጥቅምት 19 ግድም። ጥቂት ቀን ወዲያና ወዲህ ቢል ያለ ነው። ቀጥላችሁ «መቼ ተወለደች?» በሉት። «ለመስቀል» ካለ ከወር በላይ ቀድማለች ማለት ነው። ከወር በላይ የቀደመች ጥጃ ጠንካራ ሆና ልትወለድ አትችልም። ላሟ ባለሙያው ሳይመጣ በፊት አርግዛ ነበር ማለት ነው።

«ለኅዳር ሚካኤል ነው የተወለደችው» ቢላችሁስ? ኅዳር 12። ከጥቅምት 19 ሦስት ሳምንት ገደማ ዘግይታለች። አሁን አስቡ፤ ላም ካልያዘላት በስንት ቀኗ ነው ተመልሳ ኮርማ የምትፈልገው? በ21 ቀን! ሦስት ሳምንት! እንግዲህ የጥምቀቱ ማዳቀል አልያዘም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ላሟ ኮርማ ፈልጋ መስክ ላይ ያገኘችው የጎረቤት ኮርማ ያስረገዛት ሳይሆን አይቀርም። ሻጩ ላይዋሽ ይችላል፤ እሱ ራሱ የፈረንጅ ልጅ መስላው ይሆናል። ቀኑ ግን እውነቱን ያወጣዋል።

ልድገመው። የተዳቀለችበትን ቀን ጠይቁ፤ የተወለደችበትን ቀን ጠይቁ፤ በመካከል ያለውን ቁጠሩ። እኛ አገር ቀን ሁሉ በበዓል ስለሚታወስ፣ ሰው ቀኑን ቢረሳ ታቦቱን አይረሳም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ በዓይን ስለማይታየው ነገር። ጤነኛ መስሎ የሚታይ ከብት የተደበቀ ጉድለት ተሸክሞ ለልጆቹ ሊያወርስ ይችላል? ይችላል። በአሜሪካ በፈረንጆቹ በ1962 የተወለደ ቺፍ የሚባል የሆልስታይን ኮርማ ነበር። ሴት ልጆቹ 16 ሺሕ ደረሱ፤ ወተታቸው የሚያስቀና ነበርና ዘሩ በዓለም ተሠራጨ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ሳይንቲስቶች በደሙ ውስጥ አንድ የተበላሸ ነገር አገኙ። ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ ምንም አያደርግም። ከእናትም ከአባትም ሲገናኝ ግን ጽንሱ አይዘልቅም፤ ላሟ ትጨነግፋለች። በዚህ ምክንያት በዓለም ግማሽ ሚሊዮን ያህል ጽንስ እንደጨነገፈ ገምተዋል። ኮርማውን ራሱን ግን ያ ጉድለት ምንም አላደረገውም።

ይህ የላም ብቻ ጣጣ አይደለም። ለእኛ ጆሮ ይከብዳል እንጂ በሌላው ዓለም እባብን በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንደ ለማዳ እንስሳ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን የሚወጣው ቦል ፓይተን የሚባለው መርዝ የሌለው እባብ በብዛት ይገዛል። ጠንቃቃው ገዥ የሚጠይቀው ያው የእኛኑ ጥያቄ ነው። ከዱር ተይዞ የመጣ ነው ወይስ በሰው እጅ ከዕንቁላል የተፈለፈለ? ወላጆቹ እነማን ናቸው? ከዱር የተያዘው ብዙ ጊዜ መዥገርና የሆድ ትል ይዞ ይመጣል፤ ምግብ አልበላም ብሎም ያስቸግራል። ስለ ቀለሙም ይጠይቃሉ። ሸረሪት የሚሉት የሚያምር መልክ አለ። ያንን መልክ የሚሰጠው ዘር ግን አብሮ ሚዛን ማጣትን ያመጣል፤ እባቡ ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይወላገዳል። ሰው መልኩን ወዶ ሲያራባ መንቀጥቀጡንም አብሮ አራባው። እኔ ይህን ስሰማ ያዘንኩት ለእንስሳው ነው። የእሱ መልክ ለእሱ ምን ይጠቅመዋል?

እኛም ጋ የተደበቀው ጉድለት የሚገናኘው መቼ ነው? ዘመድ ከዘመድ ሲዳቀል። በአንድ ቀበሌ አንድ ጥሩ ኮርማ አለ እንበል። ዓመት ከዓመት እሱው ያገለግላል። ሴት ልጆቹ አድገው እዚያው መስክ ላይ ይሰማራሉ፤ እሱም ያስረግዛቸዋል። አባት ለገዛ ልጁ! በሰው ቢሆን ሰማይ ይደፋብናል። በከብት ግን እያየን ዝም እንላለን፤ ከዚያ ጥጃው ሲኮሰምን፣ ላሟ ስትጨነግፍ «ዓይን በላብኝ» እንላለን። ኮርማ ስትገዙ «አባቱ ማን ነው?» በሉ። የእናንተን ጊደሮች የወለደው ኮርማ ልጅ ከሆነ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት፤ ከራቀ ቀበሌ አምጡ። ያላችሁንም ኮርማ ልጆቹ ሳይደርሱ ከሌላ ቀበሌ ሰው ጋር ተለዋወጡ።

(አጭር ሙዚቃ)

አንድ የቤታችንን ታሪክ ልንገራችሁ። እናቴ አንድ ጊዜ ከገበያ ጊደር ገዛች። ምን የመሰለች! ጀርባዋ የተቃና፣ ቆዳዋ የሚያብረቀርቅ፣ ከእኩዮቿ ሁሉ የገዘፈች። ጎረቤት ሁሉ «እሰይ፣ ዕድለኛ ነሽ» አላት። አተላውን፣ ገለባውን፣ የበቆሎ አገዳውን ለእሷ አልን። አንድ ዓመት ጠበቅናት፤ ኮርማ አልፈለገችም። ሁለተኛ ዓመት ጠበቅናት፤ አሁንም ዝም። እናቴ ጠበል ሁሉ ረጨቻት። በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪም መጥቶ መረመራትና ቀና ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ። «እማማ፣ ይቺ ጊደር መንታ ነበረች?»

እናቴ ምን ታውቃለች? ከገበያ ነው የገዛቻት። ሰው ልከን አጠያየቅን። እውነትም ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ነበረች።

ይህን ሁላችሁም እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ላም ወንድና ሴት መንታ ስታረግዝ የሁለቱ ጽንሶች ደም በማሕፀን ውስጥ ይገናኛል። ከወንዱ ወገን የሚመጣው ነገር የሴቷ ማሕፀን በወጉ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ከወንድ ጋር መንታ ሆነው ከተወለዱ ሴቶች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል መሲና ይሆናሉ። ወንዱ ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም። ከውጭ ስታዩአት ጊደሯ ምንም አይጎድላትም፤ እንዲያውም ስለማትወልድ ትወፍራለች፣ ታምራለች። ለሥጋ ትሆናለች፤ ለወተት ግን አትሆንም። እንግዲህ አንዲት ጥያቄ «ብቻዋን ነው የተወለደችው ወይስ መንታ ነበረች?» የምትለዋ፣ የሁለት ዓመት መኖና የእናቴን ዕንባ ታድን ነበር። ሁለት ሴቶች መንታ ከሆኑ ግን አትስጉ፤ ችግሩ ወንድ ሲኖር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

የት አደገች የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከከተማ እርባታ፣ ተገዝቶ የመጣ መኖ እየበላች በጥላ ሥር ያደገች ባለ ብዙ ደም ጊደር፣ መራዊ መጥታ ገለባ ብቻ ስትበላና ፀሐይ ላይ ስትውል ትጎዳለች። መኖ ለሌለው ሰው ሦስት አራተኛ ደም ያላት ላም በረከት አይደለችም። እኔ መካከለኛ አቅም ላለው ገበሬ የምመክረው ግማሽ ደም ያላትን፣ በተለይም እናቷ ፎገራ የሆነችውን ነው። ወተቷም ይሻላል፣ አገሩንም ትችላለች። በደጋ ያደገችም ወደ ዓባይ ቆላ ብትወርድ ገንዲ የሚባለው በሽታ ሊይዛት ይችላል።

ስለ በሽታ ባጭሩ ልለፍ፤ ሌላ ጊዜ በሰፊው እንመለስበታለን። ከገበያ የመጣችን ጊደር ወዲያው ከሌሎች ጋር አትቀላቅሉ። ለውርጃ በሽታ ደሟ ይመርመር። ለሳንባ ነቀርሳም ሐኪሙ አንገቷ ላይ ቆዳዋን ይወጋና ከሦስት ቀን በኋላ እብጠቱን ያያል። ሁለቱም በሽታዎች ባልተፈላ ወተት ወደ ልጆቻችን የሚተላለፉ ናቸው።

(ዝምታ፤ ከዚያ የቤት ደጅ ድምፅ፣ ዶሮዎች)

እናቴ ያቺን መሲና ሸጣ ሌላ ጊደር ልትገዛ ስትነሣ ገበያ አልሄደችም። እኔን አስከትላ ሰውዬው ቤት ድረስ በእግሯ ሄደች። ሰውዬው ጊደሯን ከበረት አወጣላት። እናቴ ጊደሯን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

እናት፦ እናቷ የታለች ወንድሜ?

ሻጭ፦ ከጓሮ ናት እትዬ፤ ይምጡ።

እናት፦ መንታ ነበረች?

ሻጭ፦ ኧረ ብቻዋን ናት። እሷ እንግዲህ ለእናቷ ሦስተኛ ልጅ ናት፤ ታላቆቿም እዚያ ማዶ ጎረቤት ይታለባሉ፤ ከፈለጉ ሄደው ይዩ።

ከጓሮ ስንደርስ ቀንዷ አጭር፣ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የሆነች የፎገራ ላም ታስራ ታመነዥካለች። እናቴ ጎንበስ ብላ አራቱንም የጡት ጫፎች አንድ በአንድ ዳሰሰች። ከዚያ ቀና ብላ ማዶ ወዳለው ቤት ጉዞ ጀመረች፤ ታላቆቿን ልታይ።

(የመለያ ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይገባል)

አድማጮቻችን፣ እናንተስ ጊደር ስትገዙ ምን ትጠይቃላችሁ? በዚህ ተጎድታችሁ ወይም ተጠቅማችሁ ከሆነ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እናነበዋለን።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል)